ቀለሙ ሳይደርቅ

ሌላው ሰው እናቱን ለማየት በር ያንኳኳል። እኔ ግን በትኬት ነው ያደግሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ የሞተችው እኔ ገና ድክ ድክ ስል ነው፤ ፊቷን አላውቀውም። የነበረችን አንዲት ፎቶም ጣሪያችን ሲያፈስ ውሃ ገብቷት ተበላሸች። የቀረልኝ ወንድሟ፣ ማለትም ጋሼ የምላቸው ያሳደጉኝ አጎቴ፣ የሳሏት ሥዕል ብቻ ነው። እሱንም ሙዚየሙ ገዝቶ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ሰቀለው። «መስኮት የምትዘጋዋ ሴት» ይባላል። ስለዚህ በልጅነቴ «እናቴ ናፈቀችኝ» ብዬ ሳለቅስ ጋሼ እጄን ይዘው ሙዚየም ይወስዱኝ ነበር። ቆሜ አያታለሁ፤ ጥበቃው ዞር ሲል ጣቴን ስሜ ወደ እሷ እልካለሁ፤ ከዚያ ወደ ቤት።

ከዚያች ሴት ላለመራቅ ስል ትምህርቴን ስጨርስ እዚያው ገባሁ። መጀመሪያ አስጎብኚ ነበርኩ፤ ቀጥሎ ኤግዚቢሽን ክፍል፤ ቀጥሎ የክፍል ኃላፊ፤ ይኸው ዛሬ ዳይሬክተር ነኝ። ሠራተኛው ከኋላዬ «የሥዕሏ ልጅ» እንደሚለኝ አውቃለሁ። የማላውቅ ስለሚመስላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ይበላቸው ብዬ ትቻቸዋለሁ።

ሥዕሏ ትኬታችን ላይ አለች። በር ላይ በምንሸጠው የጨርቅ ቦርሳ ላይ አለች። መንገዱ ዳር ያለው ትልቁ ሰሌዳ ላይም አለች፤ ረዘም ያለ ፊት፣ ወደ ታች ያዘነበሉ ዓይኖች፣ አንድ እጇ መስኮቱ ላይ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ እሷ ትዕግሥት ነበር። ለዳይሬክተርነት ስወዳደር ቦርዱ ፊት ቆሜ ያነበነብኩት ስለ እሷ ዝምታ ነው፤ አንድ የቦርድ አባል ዕንባ አውጥቶ ነበር። ስለ ትዕግሥት እንዲህ አሳምሮ የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ የራሱ የለውም። እኔ በትንሽ በትልቁ ቱግ የምል ሴት ነኝ፤ ጸሐፊዬ ጠዋት ጠዋት የምታናግረኝ መጀመሪያ ፊቴን አይታ ነው።

እንግዲህ ያቺ ሰኞ መጣች። ሰኞ ለሕዝብ ዝግ ስለሆንን የምወደው ቀን ነው፤ ማንም «መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል ነው?» አይለኝም። ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ ሳለ የትልቁ አዳራሽ ጥበቃ አንኳኩቶ ገባ። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ራስ ምታት ነው።

«ጋሼ ጨርሰው ሄዱ። ወንበሩን ወደ ቦታው ልመልሰው?» አለኝ።

«ምን ጨርሰው?»

«ቀለሙን።»

«የምን ቀለም?»

«የሥዕሏን ነዋ!» አለኝ፣ የማላውቀው ነገር መኖሩ ገርሞት።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ጋሼ ሰኞ ሰኞ መጥተው እሷ ፊት መቀመጣቸው የቆየ ልማድ ነው፤ ማንም «ወዴት ነው?» ብሎ አይጠይቃቸውም። አዳራሹ ስገባ የዘይት ቀለም ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ቀና ብዬ አየሁ። እጁ ያው ነው። መስኮቱ ያው ነው። ቀሚሱም ያው ነው። ፊቱ ግን የሌላ ሰው ሆኗል። ግንባሯ ሰፍቷል፤ አንዱ ቅንድቧ ሽቅብ ወጥቷል፤ ዓይኖቿ ቀና ብለው ከመስኮቱ ውጪ ያለ አንድ ሰው ላይ ያፈጣሉ፤ አፏ ሊናገር ተከፍቷል። ሊናገር የተዘጋጀው ደግሞ ምርቃት አይደለም። ያቺ ታጋሽ እናቴ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ቆማለች።

«ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!» አልኩ። ወዲያው ወደ ጥበቃው ዞርኩ። «ሥዕል የሚነካ ሰው እንዳይኖር ስንት ጊዜ ነው የምነግርህ?»

«ጎብኚ እንዳይነካ ብለውኛል። ጋሼ ጎብኚ ናቸው እንዴ?»

«ማን ይሁኑ ታዲያ?»

«ባለቤቱ ናቸዋ! ሰው የገዛ ልጁን ፊት ሲያብስ ይከለከላል? ብሩሹን ከመነጽር ማስቀመጫቸው ሲያወጡ አየሁ፤ ተነጋግራችሁ መሰለኝ። ወንበሩ እየተወዛወዘ አስቸገራቸው እንጂ ቶሎ በጨረሱ ነበር። በኋላ እኔው ያዝኩላቸው።»

«ያዝክላቸው?»

«ቢወድቁስ?» አለኝ ተቆጥቶ።

ቢወድቁ ኖሮ ደግሞ «ለምን አልያዝክም?» ብዬ የምጮህበት እኔው ነኝ። አዳራሹን አስዘግቼ በሩ ላይ «ለጥገና ተዘግቷል» የሚል አስለጥፌ ወጌሻዋን አስጠራሁ።

ወጌሻዋ የምንላት ሥዕል ጠጋኛችንን ነው። የተሰበረ ስለምትጠግን ብቻ አይደለም፤ እንደ ወጌሻ ሳታባብል ስለምትናገርም ጭምር ነው። በባትሪ አየችው፤ በአጉሊ መነጽር አየችው፤ ጫፉን በጥጥ ነካ አደረገችው።

«ከሥሩ ቀለሙን የሚጠብቀው ቫርኒሽ አለ። አሮጌው ቀለም አልተነካም» አለችኝ። «አዲሱ ገና እርጥብ ነው። እስከ ዓርብ ከፈለጉ በጥጥ ጠርጌ አወጣዋለሁ። ከደረቀ ግን ይይዛል። ያኔ አንዱን ላንሳ ስል ሌላውን ይዞ ይመጣል፤ እኔም አልነካውም። ስለዚህ ቶሎ ይወስኑ።»

«ለመሆኑ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?»

«እሱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ስለ ጥጡ ነው የማውቀው» ብላኝ ዕቃዋን ሰበሰበች።

የማውቀው እኔ ነኝ! ሠዓሊ ሥዕሉን ይዞ ሲመጣ ገና ከመኪናው ሳያወርደው ደህና ነው አይደለም ብዬ የምፈርድ ሴት ነበርኩ፤ የተሾምኩትም ለዚህ ነው። አሁን ብቆም፣ ብቀመጥ፣ መነጽሬን ባወልቅ፣ ባደርግ፣ ምንም! አንዴ ድንቅ ሆኖ ይታየኛል። አንዴ ደግሞ የእናቴን ፊት የሆነ ጎረምሳ በከሰል የሞነጫጨረው ይመስለኛል። ግራ ገባኝ።

ከሰዓት በኋላ ልጮህ ተዘጋጅቼ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ሸሚዛቸውን ገልብጠው ለብሰው፣ አልጋቸው አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። እኔ አፌን ሳልከፍት እሳቸው ጀመሩ።

«ሙዚየምሽ ውስጥ ያለው አምፖል እንኳን ሥዕል ጫማም አያሳይ። ማን ነው የመረጠው? አንቺ ነሽ?»

እኔን ማናደድ ይወዳሉ። ሥዕል ሥር የምለጥፈውን ማብራሪያ ለጎብኚ ጮክ ብለው እያነበቡ ይስቃሉ። የውጭ እንግዳ ባስተዋውቃቸው «ይቺ ልጅ እያለች አፈር ትበላ ነበር» ይላሉ። ለምጄዋለሁ ብል ውሸት ነው፤ ሁሌም እበግናለሁ።

«ጋሼ፣ አምፖሉን ይተዉት! ምንድን ነው ያደረጉት?»

«አስተካከልኩት።»

«ምኑን?»

«ፊቷን ነዋ። እሷ አልነበረችም እኮ።»

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ ብርቱካኑን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡኝና ዘና ብለው፣ የጎረቤት ወሬ እንደሚያወራ ሰው፣ ነገሩኝ። እህታቸው ስትሞት ፊቷ ጠፋባቸው። እጇ ትዝ ይላቸዋል፤ ትከሻዋ ትዝ ይላቸዋል፤ ፊቷን ልያዘው ሲሉ ግን ያመልጣቸዋል። ሥዕሉን አስቀድሞ ያዘዘው ሙዚየም በበኩሉ ቶሎ አድርስ እያለ ይጨቀጭቃቸዋል። ቸገራቸውና የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሞዴል ጠርተው የልጅቱን ፊት አደረጉበት።

«ጭምት ልጅ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ሌላ ሥራ ስለነበራት እኔ ጋ ስትመጣ እንቅልፏ ይመጣል» አሉ።

«እንቅልፏ?»

«ዓይኗን ጨፈን ጨፈን ስታደርግ አታያትም?»

የመመረቂያ ጽሑፌ! ያ ሁሉ ንግግር! የቦርዱ አባል ዕንባ! ዕድሜ ልኬን የሰበክሁት ትዕግሥት የአንዲት የደከማት ልጅ እንቅልፍ ሆኖ አረፈው።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ።

«ልነግርሽ ነበር። መጀመሪያ ቀን ስወስድሽ ግን ‹እማዬ!› ብለሽ ጮህሽ። አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

«አሁንስ እንዴት መጣችልዎ?»

«ጥርሴን ስቦርሽ። ሳላስባት መጣች። አንዱ ጎረቤት መስኮታችን ሥር እጣቢ ደፍቶ እሷ መስኮቱን እየዘጋች ልክ ልኩን ስትነግረው። ያኔም ልስል የነበረው ያንኑ ነው፤ ሥዕሉን ያሰብኩት ለዚያ ነው። ሰው ዝም ብሎ መስኮት የምትዘጋ ሴት ይስላል እንዴ?»

አመንኳቸው። እውነቱን ለመናገር ልቤ ዘለለች፤ እናቴ ተሳዳቢ መሆኗ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሆኖም ወዲያው ተነሥተው ሻይ አፈሉልኝ፤ ስኳር ብለው የጨመሩት ጨው ነበር። ቀምሼ አስቀመጥኩት። እሳቸው የራሳቸውን ግጥም አድርገው ጠጡ። በቅርቡ ደግሞ የገዛ ቤታቸውን በር ሲያንኳኩ ቆይተው «ሰው የለም» ብለው ሊመለሱ ሲሉ ጎረቤት ነው ያገኛቸው። ሐኪሙ «ዕድሜ ነው» ይለኛል። ዕድሜ መሆኑን እኔም አላጣሁትም፤ ለዚህ ሐኪም ምን ያደርጋል? እና ታዲያ እኚህ ሰው እህታቸውን አስታውሰው ነው ወይስ ተምታቶባቸው? የእናቴ ፊት የትኛው ነው? የማስበው ይህንኑ ብቻ ሆነ። ምግብ አልገባ አለኝ።

በማግስቱ የቦርዱ ሰብሳቢ መጡ። ጡረታ የወጡ ጠበቃ ናቸው፤ ሲያስነጥሱ እንኳ አንቀጽ የሚጠቅሱ ይመስላሉ። አዳራሹን ከፍቼ አሳየኋቸው። ሥዕሉን አዩ። እኔን አዩ። እንደገና ሥዕሉን አዩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ዳይሬክተር፣ ይቺ እርስዎ ነዎት።»

«ምን አሉኝ?»

«ባለፈው ስብሰባ ስለ ጣሪያው ጥገና ስንከራከር ልክ እንዲህ ነበር የሆኑት። ኧረ አሁንም!»

ወደ ጥበቃው ዞርኩ። ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ለካ እሱም አይቶታል። ለካ ወጌሻዋም አይታዋለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ? ፊትም እንደዚያው ነው። ሰብሳቢውን ይቅርታ ጠይቄ መጸዳጃ ቤት ገባሁና መስታወቱ ፊት ቆምኩ። ቅንድቤን ሽቅብ ሰቀልኩ፤ አፌን ከፈትኩ፤ ልቆጣ ሞከርኩ። ሰው በትእዛዝ አይቆጣም፤ የጥርስ ሕመምተኛ መስዬ አረፍኩት። በዚህ መሀል የጽዳት ሠራተኛዋ ገብታ አየችኝና «ምነው? ደህና ነዎት?» አለችኝ። ደህና ነኝ ብያት ወጣሁ።

ሰብሳቢው አልለቀቁኝም። «ሕዝቡ ምን እንደሚል ይታይዎታል?» አሉ። «ዳይሬክተሯ በገዛ አጎቷ እጅ የራሷን ፊት ሙዚየም ውስጥ አስቀባች ነው የሚለው። ቅዳሜ በር ሲከፈት ሥዕሉ እንደ ድሮው ካልሆነ እርስዎ ሰኞ እዚህ አይደሉም። እኔም ልከላከልልዎ አልችልም። ሰውየው ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ በር እንዳይገቡ።»

«ያሳደጉኝ ናቸው እኮ!»

«ሥዕሉ ግን የሕዝብ ነው» አሉኝ። እኔም በሌላ ሰው ላይ ቢሆን የምናገረው ይህንኑ ነበር።

አሁን ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ጋሼ የሳሉት እኔን ከሆነ፣ እናቴን ስለምመስል ነው ወይስ በየሳምንቱ የሚያዩት ፊት የእኔ ስለሆነ ከእሷ ጋር ተደበላልቆባቸው? የመጀመሪያው ከሆነ የምጠርገው እናቴን ነው። ሁለተኛው ከሆነ የምጠርገው ራሴን ነው፤ እሱ እንኳ ብዙም አይጎዳ። የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ ማን ነው? ሳስብ፣ ሳስብ፣ ልብስ ሰፊዋ እትዬ ትዝ አሉኝ። ከእናቴ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይሰፉ ነበር። አሁን አርጅተዋል፤ አፋቸው ግን ጤና ነው።

ረቡዕ ዕለት መኪና ይዤ ሄጄ አመጣኋቸው። ጥበቃው ወንበር ሰጣቸው። የድሮውን ሥዕል ትልቁን ፎቶ በአንድ እጄ ይዤ ከአዲሱ አጠገብ ቆምኩ።

«እትዬ፣ እስቲ ደህና አድርገው ይዩ። እናቴ የትኛዋ ናት?»

ረጅም ጊዜ አዩ። መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ደግመው አዩ።

«ሁለቱም አይደሉም» አሉ።

«እንዴ!»

«የፊተኛዋ ተኝታለች። ይቺኛዋ አንቺ ነሽ።»

«እናቴስ?»

«እናትሽማ ቆንጆ ነበረች።»

ጥበቃው በሳል አስመስሎ ሳቀ። ዞሬ ሳየው ሳሉ ቀጥ አለ።

«እትዬ፣ እኔ እሷን አልመስላትም ወይ?» አልኩ፤ እንደ ሕፃን ልለምን ምንም አልቀረኝም። እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ በዓይኔ አትመኪ። ትላንት የልጅ ልጄን ሰላም ያልኩ መስሎኝ ፖስተኛውን ነው የሳምኩት። ቀሚሱን ከሆነ የምትጠይቂኝ ልማልልሽ፤ እኔ ነኝ የሰፋሁት። ኮሌታው ግን እንዲህ አልነበረም፤ ወንድምዬው አበላሽቶታል።»

ስሸኛቸው መንገዱን ሙሉ ስለ ኮሌታው ነገሩኝ። እናቴ ምን ትል እንደነበር፣ እንዴት ትስቅ እንደነበር ልጠይቅ ስል ወሬው ተመልሶ ኮሌታው ላይ ይወድቃል። ከመኪናው ሲወርዱ «ደግ ነበረች» አሉኝ። ስለ ሙት የማይባል ነገር አይደለም።

ዓርብ ጠዋት ወጌሻዋ ጠርዙን ነክታ «እየያዘ ነው። ዛሬ ካልሆነ የለም» አለችኝ።

አዲሱ ፊት ፎቶ ተነሥቷል፣ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፣ አይጠፋም ትላለች። የእናትሽን ፊት በፋይል አስቀምጠንልሻል ብትባል እሷስ ምን ትል ነበር? ሰውን ሁሉ አስወጥቼ ብቻዬን እፊቷ ቆምኩ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ዳይሬክተር ነኝ ካልኩ ሥዕሉ እንደተገዛው መቆየት አለበት፤ ሠዓሊውም ቢሆን አይነካውም፤ ይህን ደንብ ለአዲስ ሠራተኛ የማስተምረው እኔ ነኝ። ልጅ ነኝ ካልኩ ደግሞ የትኛዋ ልጅ? ይቺኛዋ ቁጡ ሴት እናቴ ልትሆን ትችላለች፤ አልተዋወቅንም ግን። ለዚያች እንቅልፋም ልጅ ነው ጣቴን ስሜ የላክሁላት። ፈተና ስወድቅ የሄድኩት እሷ ጋ ነው። ትዳሬ ሲፈርስ ከሥራ ሰዓት በኋላ ተቀምጬ ያለቀስኩት እሷ ፊት ነው። እሷ እናቴ ካልሆነች እኔ ያንን ሁሉ ዘመን ለማን ነበር የማወራው?

ሥራዬን ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ያቺን ጣቷን ስማ የምትልክ ሕፃን ያለ እናት ማስቀረት አቅቶኝ ነው።

«ጥረጊው» አልኳት።

ወጌሻዋ ጥጡን አርሳ ከቅንድቡ ጀመረች። ቅንድቡ ወደ ጥጡ መጣ። ቀጥሎ ግንባሩ፤ ቀጥሎ አፉ፤ ሊናገር የነበረውን ሳይናገር። ቡናማ የሆኑት ጥጦች አንድ ሳህን ላይ ተከመሩ። ከሥር ያቺ ልጅ እንቅልፏን እንደያዘች ብቅ አለች። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን አለቀስኩ፤ ለማንኛዋ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

«ይኸው፤ እንዳልነበረ ሆነ» አለች ወጌሻዋ። እጇን ልትታጠብ ሄደች።

ቅዳሜ አዳራሹ ተከፈተ። ሰዉ እንደ ወትሮው ገባ፤ እንደ ወትሮው ፎቶ ተነሣ። ሰብሳቢው ደውለው «ጥሩ ሠርተዋል» አሉኝ። ከምሳ በኋላ ጋሼ ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ራሴ ልንገራቸው ብዬ ተነሣሁ። መንገድ ላይ የምናገረውን እየተለማመድኩ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ግዴታዬ ነው» የሚል ነበር መጀመሪያው፤ መጨረሻውን አላገኘሁትም።

በሩን ከፈቱ። ሲያዩኝ ፊታቸው ተፈታ።

«እህቴ! መጣሽ? ግቢ፣ ግቢ።»

እንደ ልማዳቸው ሊያናድዱኝ መሰለኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«አንቺ መሆንሽን አጣሁት? ተቀመጪ። አንድ ነገር እነግርሻለሁ፤ ግን እንዳትቆጪ።»

አልቀለዱም። ዓይናቸው የሚያየው እኔን ነው፤ ሆኖም እኔ አልነበርኩም። ወንበሩን ጎትተው አጠገቤ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጅሽ አጠፋችሽ» አሉኝ። «ጠዋት ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ያለው ልጅ ‹ታዝዣለሁ› ብሎ አላስገባኝም። በመስታወቱ አሻግሬ ባይ የለሽም። ያቺኛዋ ተመልሳ ቆማለች።»

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት ልበል? የትኛዋ ሆኜ?

«አትቆጫት» አሉ ጋሼ፤ እጃቸውን እጄ ላይ አድርገው። «ትልቅ ሰው ሆናለች። የሰው ዕቃ አደራ ተሰጥቷታል። ሥራ ማለት ምን እንደሆነ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ዛሬ በእኔ ደረሰና ምን እላለሁ? እንዲያውም ኮራሁ። አንጀቴ ግን ቆስሏል፤ ለአንቺ ካልሆነ ለማን እነግራለሁ?»

በሕይወቴ አንተ ብዬአቸው አላውቅም። አፌ ውስጥ ቃሉን አገላበጥኩትና ተውኩት።

«አልቆጣትም» አልኩ ብቻ።

«አንቺ?» ብለው ሳቁ፤ ዕንባቸው ጠብ እስኪል ሳቁ። «አንቺ አትቆጪም? እሷስ ከማን ወረሰችው ታዲያ? ሰላም ስትሆን አባቷን ነው የምትመስለው። ስትቆጣ ግን ቁርጥ አንቺ ናት። ፊትሽ ሲጠፋብኝ ምን አደርግ የነበረ ይመስልሻል? አንድ ነገር ብዬ አናድዳታለሁ። ወዲያው ትመጫለሽ። ትንሽ አይሽና ዝም እላለሁ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ገባኝ። አፈር ትበላ ነበር የሚሉት! አምፖሉ! እንግዳ ባለበት፣ ሠራተኛ ባለበት፣ በሠርጌ ቀን ሳይቀር! ደሜ ሽቅብ ወጣ፤ ከወንበሬ እንደተነሣሁም አላወቅሁም።

«ሆን ብለህ?» ብዬ ጮህኩ። «ይኼን ሁሉ ዘመን ሆን ብለህ ነው የምታበግነኝ?»

ጋሼ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሽቅብ አዩኝ። ሳይቸኩሉ አዩኝ።

«ናፍቀሽኝ ነበር» አሉ።